ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በአንድ ቀን፦ ከባዱን መጨረሻ ላይ የሚያመጣ መንገድ ሳይደክሙ መጨረስ

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በጭሮ በኩል 500 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። «በጠዋት ከወጣን ለምሳ እንደርሳለን» የሚል ሰው ከመኪናው ውስጥ አይጠፋም። እንዳትሰሙት።

መንገዱ በአንድ ቀን ሦስት ጠባይ ያሳያል። እስከ አዳማ ሰፊና ለስላሳ የፍጥነት መንገድ ነው፤ አያስቸግርም፣ ግን ያሰለቻል። ከአዳማ በኋላ በወለንጪቲና በመተሐራ አድርጎ እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሙቀት፣ ረጅም ቀጥታ፣ የጅቡቲ ተሳቢ፣ ከብትና ግመል ነው። ከጭሮ ወዲያ ደግሞ በሂርናና በቁልቢ አድርጎ እስከ ደንገጎ ተራራና ጠመዝማዛ፣ ከደንገጎ ድሬዳዋ ቁልቁለት ብቻ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ነው ችግሩ። ሹፌሩ ትኩስ ሳለ ቀላሉን ይነዳል፣ ሲዝል ከባዱ ይመጣበታል። እዚህ የተጻፈው ሁሉ፣ የመቀመጫውም የቡናውም ነገር፣ ደንገጎ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ዓይንዎም እግርዎም ንቁ እንዲሆኑ ነው።

የመነሻው ሌሊት

«ሌሊት 10 ሰዓት እንውጣ» የሚለውን ልማድ ይተዉት። የከተማውን መጨናነቅ ለማምለጥ ሲባል ሰው 5 ሰዓት ላይ ተኝቶ 9 ሰዓት ይነሳል። አራት ሰዓት ተኛ ማለት ነው። የሰው ገላ በቀን ሁለት ጊዜ ይዝላል፤ አንደኛው ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት፣ ሁለተኛውና ቀለል ያለው ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት። ሌሊት 10 ሰዓት የወጣ ሹፌር የፍጥነት መንገዱን የሚነዳው በዋናው የእንቅልፍ ሰዓት፣ በጨለማ፣ ምንም በማይቀያየር አስፋልት ላይ ነው። ለመተኛት ከዚህ የበለጠ የሚመች ቦታ የለም። የጎደለው እንቅልፍ ደግሞ ቀትር ካለፈ በኋላ ተራራው ላይ ሒሳቡን ይጠይቃል።

ንጋት 12 ሰዓት መውጣት ይበቃል። ለዚህ ማታ 3 ሰዓት ላይ መተኛት ያስፈልጋል፤ 3 ሰዓት ለመተኛት ደግሞ ዕቃው በዋዜማው ከሰዓት ተጭኖ፣ ነዳጁ ተሞልቶ፣ ውሃና ስንቁ በር አጠገብ ተቀምጦ ማደር አለበት። ብዙ ሰው እንቅልፉን የሚያጣው በመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ማታ 6 ሰዓት ላይ ሻንጣ ሲያስር ነው።

የጎማ ንፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው፣ ማለትም ከመነሳት በፊት ወይም ሰፈር ካለው ጎሚስታ ጋ። ትክክለኛው መጠን የሹፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ይገኛል። አዋሽ ላይ ጎማው ግሎ ንፋሱ ጨምሮ ቢያገኙት እንዳያስተነፍሱት፤ ሲቀዘቅዝ ይጎድላል፣ የጎደለ ጎማ ደግሞ ጎኑ እየታጠፈ ይግልና ይፈነዳል።

መቀመጫው

የወገብ ሕመም፣ የእግር መደንዘዝና የአንገት መወጠር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ከርቀቱ ሳይሆን ከመቀመጫው ነው። ቆሞ ባለ መኪና ላይ አምስት ደቂቃ ይበቃል፦

1. ከኋላ ኪስዎ ቦርሳና ስልክ ያውጡ። በአንድ ወገን ላይ ዘንበል ብሎ አምስት ሰዓት መቀመጥ ዳሌውን አዛብቶ እስከ እግር የሚወርድ ሕመም ያመጣል።
2. ዳሌዎን እስከ መደገፊያው ድረስ ወደ ኋላ አስጠግተው ይቀመጡ። ፍሬኑን (ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑን) እስከ ታች ሲረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ ታጥፎ መቅረት አለበት። ከተዘረጋ ሩቅ ነዎት።
3. መደገፊያውን ከቀጥታ ትንሽ ብቻ ወደ ኋላ ያዘንብሉት። ትከሻዎ ሳይላቀቅ እጅዎን ሲዘረጉ የእጅ አንጓዎ መሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት።
4. ከመሪው መሐል እስከ ደረትዎ ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይኑር፤ ኤርባግ ቢፈነዳ ቦታ ይፈልጋል።
5. የራስ መደገፊያው ጫፍ ከራስዎ አናት ጋር ይስተካከል።
6. ትንሽ የፊት ፎጣ ጠቅልለው ከቀበቶ በላይ፣ ወገብ የሚጎብጥበት ቦታ ላይ ያኑሩ። ጋቢ አይሆንም፤ ይወፍርና ወደ ፊት ይገፋል።

ይህ ሲያልቅ የውስጡን ስፖኪዮ ያስተካክሉ፣ ከዚያም አይንኩት። መተሐራ ላይ ወይም ጭሮ ላይ የኋላውን መስታወት ለማየት አንገት መሳብ ካስፈለገ የተንቀሳቀሰው ስፖኪዮው አይደለም፤ እርስዎ ሟሙተው ወርደዋል። ገላ ራሱ ሳያውቀው ሲደክም መጀመሪያ የሚያሳብቀው ይህ ነው።

ጫማ፦ ሶሉ ስስ የሆነና ተረከዙን የሚይዝ። ነጠላ ጫማ ፔዳል ሥር ይገባል።

ዓይን

ከአዲስ አበባ ሲወጡ የሚነዱት ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጠዋት ላይ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ናት። እስከ 3 ሰዓት ድረስ ዓይን እያጠበቡ መንዳት ግንባርን ይወጥራል፤ የ6 ሰዓቱ ራስ ምታት የሚጀምረው እዚያ ነው። መነጽር ይረዳል፣ ግን ትልቁ መፍትሔ የፊት መስታወቱን በውስጥ በኩል ማጽዳት ነው። ሰው ውጩን ብቻ ያጥባል። ዳሽቦርዱ በፀሐይ ሲግል የሚያወጣው ትነት ከውስጥ ስስ የቅባት ሽፋን ይሠራል፤ በጣትዎ ሰረዝ ቢያደርጉበት የጣትዎ ዱካ ይታያል። ፀሐይ ወይም የተቃራኒ መኪና መብራት ሲያርፍበት መላው መስታወት ነጭ ይሆናል። በዋዜማው በውሃና በጥቂት አልኮል በረጠበ ጨርቅ ጠርገው በደረቅ ጋዜጣ ይወልውሉት።

የኤሲውን ንፋስ ከፊትዎ አዙረው ወደ ደረትና ወደ ላይ ያድርጉት፤ ቀጥታ ዓይን ላይ ሲነፍስ ዓይኑን ያደርቃል፣ የደረቀ ዓይን ደግሞ ይቆረቁራል፣ ይከደናል። ሌላው ችላ የሚባለው የአየር ማዞሪያው ቁልፍ ነው። አቧራ ያስነሳ መኪና ለማለፍ የውጭውን አየር መዝጋት ተገቢ ነው፤ እንደተዘጋ መርሳት ግን አይደለም። አምስት ሰው የተነፈሰው አየር ተመልሶ ሲተነፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይጨምራል፣ መኪናው በሙሉ ያንቀላፋል። አቧራው ካለፈ ወዲያው ይክፈቱት።

ሰዓቱና ማረፊያው

አውሮፓ ውስጥ የከባድ መኪና ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ሕግ ያስገድደዋል። ለቤት መኪና ግን ይህም ይረዝማል፤ በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ 15 ደቂቃ ማረፍ ይሻላል። ድካም ከተሰማዎት በኋላ ሳይሆን ከመሰማቱ በፊት።

አንድ የሚሠራ አከፋፈል ይኸው፦ 12 ሰዓት መነሳት፤ 2 ሰዓት ገደማ አዳማን አልፎ አጭር እረፍት፤ 4 ሰዓት ላይ አዋሽ ሰባት ኪሎ ግማሽ ሰዓት፣ ነዳጅና ቁርስ ቢጤ፤ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ጭሮ፣ ምሳና አጭር እንቅልፍ፣ በድምሩ አንድ ሰዓት ከሩብ፤ 10 ሰዓት አካባቢ ቁልቢ ላይ ወርዶ እግር መፍታት፤ ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ድሬዳዋ። ከዚህ ትንሽ ከዘገዩ ከቁልቢው ቆይታ ቆርጠው ይካሱት፤ ከጭሮው እንቅልፍ አይቁረጡ። ሁለት ሰዓት ከዘገዩ ግን ጭሮ ይደሩ።

በእያንዳንዱ ማረፊያ ወርዶ መቆም ብቻ አይበቃም። መኪናውን አንድ ጊዜ ይዙሩ፣ ጎማውን በዓይን ይዩ፣ በሩን ይዘው 20 ጊዜ በእግር ጣትዎ ይነሱና ተረከዝዎን ያሳርፉ። የባት ጡንቻ እግር ውስጥ የተጠራቀመውን ደም ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ነው፤ ለሰዓታት ካልሠራ እግር ያብጣል፣ አንዳንድ ሰው ላይም ደም ይረጋል። አዛውንት ወይም ነፍሰ ጡር ከጫኑ እነሱም ይውረዱ፤ «እዚሁ ይሻለኛል» ቢሉም።

መብል፣ ውሃና የማይነገረው ችግር

አዋሽ ላይ ጥብስ በጎድን ያማረ ሊሆን ይችላል። ለተሳፋሪ። ሹፌር ጠግቦ ከበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ዓይኑ ይከብዳል፤ ያ ሰዓት ደግሞ ሙቀቱ የሚበረታበትና መንገዱ ቀጥ የሚልበት ነው። ግማሽ ሆድ ይብሉ፣ በየመሐሉ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ዳቦ። በሶ በደንብ ይይዛል። ጾም ላይ ከሆኑና እስከ 9 ሰዓት የማይቀምሱ ከሆነ ያን ቀን መሪውን ለሌላ መስጠት ወይም ጉዞውን ለሁለት ቀን መክፈል ይሻላል፤ ረመዳን ላይ ደግሞ ውሃም ስለማይኖር ከአዋሽ በታች ያለውን ሙቀት ከቀትር በፊት ማለፍ ግድ ነው።

ውሃ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ያህል፣ ሳይጠማ። ብዙ ሰው፣ በተለይ ሴቶች፣ መንገድ ላይ ውሃ የማይጠጡት ሽንት ቤት ስለሌለ ነው። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ውሃ ያነሰው ሰው ራሱን ያመዋል፣ ሐሳቡ ይበታተናል፣ ድካሙ ይብሳል። ስለዚህ ማረፊያ ሲመርጡ ምግቡን ሳይሆን ሽንት ቤቱን አስቀድመው ይምረጡ፦ አዳማ፣ አዋሽና ጭሮ ከተማ ውስጥ ያለ ሆቴል ቡና ብቻ ቢያዝዙም ያስገባዎታል። ሶፍት፣ ሳሙናና አንድ ጀሪካን ውሃ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሳይሆን እጅ የሚደርስበት ይሁን።

እንቅልፍ ሲመጣ

እንቅልፍ በድንገት አይጥልም፤ መልእክት ይልካል። ተከታታይ ማዛጋት፣ ዓይን መቆርቆር፣ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች አለማስታወስ፣ ጉብታውን ከላዩ ሲደርሱ ማየት፣ ፍጥነት ያለ ምክንያት 80 ከዚያ 60 ከዚያ 90 መሆን፣ ጎማው የመንገዱን ጠርዝ መንካት። አንዱ ግን ሰው የማያስበው ነው፦ ንዴት። አህያ ላይ ጥሩንባ እየነፉ ከሆነ፣ ከኋላ ያለው ልጅ ጥያቄ እንደ መርፌ ከወጋዎት፣ ያ ጠባይዎ አይደለም፤ ድካሙ ነው።

አንገት አንዴ ከወደቀ ግን ነገሩ አልቋል። ለአራት ሴኮንድ ዓይን ቢከደን በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪናው 90 ሜትር ያህል ያለ ሹፌር ሄዷል። ከእነዚህ ምልክቶች ሁለቱ አብረው ከታዩ ቀጣዩ ደህና ቦታ ላይ ይቁሙ፦ ማደያ፣ የሆቴል ግቢ፣ ሰው ያለበት ከተማ። የመንገድ ዳር አይደለም።

ከዚያ እንዲህ ያድርጉ። ጥላ ውስጥ ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ። ኤሲ እንዲሠራ ብለው ሞተር ሳያጠፉ መተኛት የለም፤ የጭስ ማውጫ ከፈሰሰ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። ሁለት ሲኒ ቡና ቶሎ ይጠጡ፣ ሳይጨዋወቱ። የስልኩን ደወል ለ20 ደቂቃ ይሙሉ፣ መቀመጫውን ያስተኙ፣ ዓይንዎን በነጠላ ይሸፍኑ፣ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ይክፈቱ። ቡናው ደም ውስጥ ገብቶ መሥራት የሚጀምረው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ስለሆነ እንቅልፉ ሲያልቅ እሱ ይረከባል። እንቅልፍ ባይወስድዎትም ዓይን ጨፍኖ ጸጥ ማለት ብቻውን ይጠቅማል።

ስልኩ ሲጮህ «አሥር ደቂቃ ልጨምር» አይበሉ። ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ገላ ወደ ጥልቁ እንቅልፍ ይገባል፤ ከዚያ የተነሳ ሰው ከመተኛቱ በፊት ከነበረው ይብስበታል። ከነቁ በኋላም ፊት ታጥቦ፣ ዞር ዞር ብሎ፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ነው መሪ የሚያዘው። የዚህ ሁሉ ትርፍ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ ድጋሚ ከመጣ የሚቀረው አልጋ መያዝ ብቻ ነው።

አዋሽ ላይ በቀትር መኪና ውስጥ ለመተኛት አይሞክሩ፤ መኪናው ምድጃ ይሆናል። ጭሮ ከፍ ስለሚል አየሩ ለዚህ ይመቻል።

መስኮት ከፍቶ ንፋስ መቀበል፣ ሙዚቃ ማስጮህ፣ ፊትን በጥፊ መምታት፣ ማስቲካ ማላመጥ፦ ለጥቂት ደቂቃ ያነቃሉ፣ እንቅልፉን ግን አንድ ጋት አያርቁትም። ማደያ ፈልጎ እስኪደርሱ ድረስ ይጠቀሙባቸው፣ ከዚያ ወዲያ አይመኑባቸው።

ጫት ለብቻው መነሳት አለበት፤ ምክንያቱም ከጭሮ እስከ ደንገጎ መንገዱ ራሱ የጫት አገር ነው፣ ትኩሱ እስከ መስኮትዎ ይመጣል። ጫት እንቅልፍን አይከፍልም፤ ይደብቃል። በምርቃና ላይ ያለ ሹፌር ድካሙ አይሰማውም፣ እንዲያውም ከወትሮው የተሻለ የሚነዳ ይመስለዋል፤ ጠመዝማዛ ላይ ቀድሞ የሚያልፈውም ያኔ ነው። የዓይኑ ብሌን ስለሚሰፋ የተቃራኒ መብራት ይበልጥ ያጠቃዋል። ምርቃናው ሲለቅ የተደበቀው ድካም ሁሉ በአንዴ ይወርዳል። ማታ ደግሞ እንቅልፍ እንቢ ይላል፤ ለጨብሲ ተብሎ ሁለት ቢራ ይጨመርበታል፣ የነገው ጉዞም ገና ሳይጀመር ተበላሸ።

መድኃኒትም አለ። ለጉንፋን፣ ለአለርጂና ለመኪና ማቅለሽለሽ የሚሰጡ ብዙ ክኒኖች እንቅልፍ ያመጣሉ። ለተሳፋሪ ጥሩ፣ ለሹፌር ፋርማሲስቱን «ያስተኛል ወይ?» ሳይሉ አይወሰድም።

ጋቢና ያለው ሰው ሥራ አለው

ጋቢና የሚቀመጥ ሰው አይተኛም። ይህን ከመነሳት በፊት ይነገረው፤ መተኛት የፈለገ ወደ ኋላ ይሂድ። ሥራው ውሃ መስጠት፣ ስልክ መመለስ፣ የሹፌሩን ዓይን መመልከትና ማውራት ነው፤ ግን ብቻውን የሚያወራ ሳይሆን መልስ የሚፈልግ ጥያቄ የሚጠይቅ። «ደክሞሃል?» አይባልም፤ ሁሉም «ኧረ ደህና ነኝ» ነው የሚለው። «ያለፍነው ከተማ ማን ነበር?» ይባል። መልሱ ከዘገየ ማደያ ይፈለጋል።

ልጆች ላይ የሚያቅለሸልሸው ከጭሮ በኋላ ነው። የሚያማቸውን መሐል ላይ፣ የፊቱ መንገድ በሚታያቸው ቦታ ያስቀምጡ፤ ስልኩን ይቀበሏቸው፤ ከመንገዱ በፊት ወተትና ቅባት አይስጧቸው፣ ደረቅ ዳቦ ይሻላል። ፌስታል ሁለት በሁለት ተደራርቦ፣ ቀዳዳ እንደሌለው ተረጋግጦ፣ ከፊት መቀመጫው ኪስ ውስጥ ይጠብቅ።

ደንገጎ

ቁልቢ ላይ የወረዱት ለዚህ ነው። ከደንገጎ ድሬዳዋ የሚወርደው መንገድ የቀኑ መጨረሻና በጣም ጥንቃቄ የሚፈልገው ነው፤ ከተማው ከታች ሲታይ ደግሞ «ደረስን» የሚል ስሜት እግርን ያቀላል። አፋፉ ላይ ማርሽ ይቀንሱ፣ ቁልቁለቱ ከጀመረ በኋላ አይደለም። ልኩ ቀላል ነው፦ ያንን ዳገት ብትወጡበት በምትጠቀሙት ማርሽ ነው የምትወርዱት። አውቶማቲክ ከሆነ መለወጫውን ወደ 2 ወይም ወደ ኤል ያውርዱ። ሞተሩ ይጮሃል፤ ይጩህ፣ መኪናውን እየያዘ ነው።

ፍሬን ላይ እግር አሳርፎ መውረድ የደከመ ሹፌር ዋና ስህተት ነው። ጠንከር አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ይልቀቁ፣ ይድገሙ። የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው ወደ ታች ከሰመጠ ፍሬኑ ግሏል። ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆመው ግማሽ ሰዓት ያስቀዝቅዙት፤ ውሃ አያፍሱበት፣ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ሲወርዱ ጆሮ ይዘጋል። ቆሎ ማላመጥ ወይም ምራቅ መዋጥ ይከፍተዋል። የሚጠባ ሕፃን ከተኛ እናቱ ቀስቅሳ ጡት ትስጠው፤ ካልዋጠ ጆሮውን ያመዋል፣ ጩኸቱም ጠመዝማዛው ላይ ለሹፌሩ ይተርፋል።

የቁልቢ ንግሥና መመለሻው

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ይህ መንገድ ሌላ መንገድ ይሆናል። ብዙ ሰው ቀኑን ነድቶ ይደርሳል፣ ሌሊቱን ቆሞ ያድራል፣ ታቦቱ እንደገባ መሪ ይይዛል። ጥናቶች እንዳሳዩት ለ17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ችሎታው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይቀንሳል፤ 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። በሌላ አነጋገር፣ ጠብታ ሳይቀምሱ ሰክረው ነው የሚነዱት። ለንግሥ የሚሄድ ቤተሰብ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሹፌር መርጦ ያን ሌሊት ያስተኛው፤ ስለቱን በዓመቱ ቆሞ ያድርስ። ሁሉም የሚያድር ከሆነ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ወርዶ አንድ ሌሊት ተኝቶ መመለስ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ የፀሐይዋ ነገር ይገለበጣል፤ ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊት የምትመጣው ከአዋሽ እስከ አዳማ ባለው ቀጥታ ላይ፣ ከተሳቢ ጋር እየተላለፉ ነው። ተራራውን በጠዋት ብርታት ስለሚጨርሱት መመለሻው ይቀላል ይባላል፣ እውነት ነው፤ ግን መስታወቱን ድሬዳዋ ላይ በማታው ድጋሚ ይወልውሉት፣ አዋሽ ላይም በነፍሳት የተለጠፈውን በውሃ አጥበው ነው ወደ መተሐራ የሚቀጥሉት።